የባለብርቱካኑ ለቅሶ

በሸዋ ሮቢት ፀሐይ ጥቁር ሱፍ ለብሶ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ዘመድ ሞቶበታል፣ ወይ አእምሮውን ስቷል። እኔ ሦስተኛ ዓይነት ነበርሁ። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ሰው እየቀደመኝ፣ አፌን ስዘጋ ነገሩ እየገፋ፣ በመጨረሻ የት እንደደረሰ ሳወራው ራሴም አላምነውም። እስቲ ግን ልሞክር።

ሥራዬ በመንገድ ጥገናው መጋዘን ውስጥ አካፋና ዶማ መቁጠር ነበር። ጠዋት ሲወጡ እቆጥራቸዋለሁ፣ ማታ ሲመለሱ እቆጥራቸዋለሁ። አካፋ አይወልድ፣ አካፋ አይሞት፤ ያው ነው። ከአዲስ አበባ ስላክ «ለጥቂት ወራት ነው» ተብዬ ነበርና ይህችን ቃል እንደ ዳዊት ደገምኋት። እድር ግባ ሲሉኝ ለጥቂት ወራት ነው። ለክርስትና ሲጠሩኝ፣ ኧረ እኔ ሂያጅ ነኝ። አልጋ እንኳ አልገዛሁም፤ የምተኛበት የሽቦ አልጋ የአከራዬ የእትዬ አስካለ ነበር። የሮቢት ሰው ደግሞ የነገሩትን ያምናል። ሂያጅ ነኝ ስል አመነኝ፤ አምኖም ተወኝ። ሦስተኛው ክረምት ሲገባ እኔ አሁንም ሂያጅ ነበርሁ፤ የቤቴን ደፍ ከእትዬ አስካለ በቀር የረገጠው አልነበረም። እሳቸውም የሚመጡት ጣራው ያፈስስ እንደሆነ ለማየት ነው።

እሑድ እሑድ አውቶቡስ ማቆሚያው እየሄድሁ፣ ከደሴ የሚመጣውን መንገደኛ ሁሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያልሁ እቀበል ነበር። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ያመሰግነኛል። አንዳንዱ ሻንጣውን ወደ ጉያው ያስጠጋል። ከዚያ ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሁሉም ይሳፈራል፣ እኔ አቧራውን ከፊቴ እየጠረግሁ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ለማሳቅ ብዬ አይደለም የምነግራችሁ፤ ብቸኝነት ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

ታዲያ አንድ ነገር ነበረኝ። ባለብርቱካኑ።

ባለብርቱካኑ የፈረንጅ ሰላይ ነው፤ ሰላይነቱ በሲኒማ ነው እንጂ በእውነት አይደለም። የራሱ ስም ምላስ ስለሚያስር እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ባለብርቱካኑ አልነው። ጥቁር ሱፍ ይለብሳል፣ አይስቅም፣ ብዙ አይናገርም። ጠላቶቹ ከበውት ሽጉጣቸውን ሲያቀባብሉ እሱ ከኪሱ ብርቱካን ያወጣል። በሰንጢው መላጥ ይጀምራል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ፣ እየተጠማዘዘ፣ እየረዘመ ይወርዳል። አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ልጣጩ መሬት ሲነካ ሁሉም ወድቀዋል፣ ባለብርቱካኑ ብቻውን ቆሟል። እንዴት እንደጣላቸው አትጠይቁኝ። እኔም ብዙ ጊዜ አይቼ አልገባኝም።

የወጡትን ፊልሞቹን ሁሉ ያየሁት ከገዛኸኝ ጋር ነው። ገዛኸኝ አብሮ አደጌ ነው፤ በአንድ ግቢ አድገናል፤ እናቱ ሲጋግሩ የመጀመሪያውን እንጎቻ ከእሱ እኩል ለእኔ ይቆርሱልኛል። አንዱ ያለ አንዱ ባለብርቱካኑን እንዳያይ ተማምለናል። አዲስ ፊልም በመጣ ቁጥር የአባቶቻችንን ጥቁር ኮት እስከ ጉልበታችን ለብሰን እንገባለን፤ ብርቱካኑ ከኪስ ሲወጣ ገዛኸኝ በክርኑ ጎኔን ይጎስመኛል። እኔ እንዳላየሁ ሁሉ። ጎኔ እስኪበልዝ ይጎስመኝ ነበር።

ሮቢት ከመጣሁ ወዲህ መለማመዱን አልተውሁም። ብርቱካን የሞላበት አገር ነው። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጬ በሰንጢ እልጣለሁ፤ ይበጠሳል፤ ሌላ እጀምራለሁ። ጎረቤቴ የማሽላ ነጋዴው ጋሽ ሁሴን ከሱቃቸው ሆነው እያዩኝ ኖረው፣ አንድ ቀን «የሆድ ሕመም አለብህ ወይ?» አሉኝ። የለብኝም አልሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ጋር ያወራሁት ረጅሙ ወሬ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ከእሳቸው ሱቅ የገዛሁትን ስኳር ስፈታ መጠቅለያው ጋዜጣ ላይ ጥቁር ሱፍና ብርቱካን ታትሞ አየሁ። አዲስ የባለብርቱካኑ ፊልም አዲስ አበባ ሊታይ ነው! ስኳሩን ምን ላይ እንደገለበጥሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ወዲያው ለገዛኸኝ «እየመጣሁ ነው፣ ጠብቀኝ» ብዬ ጻፍሁ። መልስ አልመጣም። ዝምታ መስማማት ነው ብዬ እዚያው ሮቢት ጥቁር ሱፍ አሰፋሁ። ልብስ ሰፊው በዚያ ሙቀት ጥቁር ሱፍ ስለው በሐዘኔታ ቀና ብሎ አየኝና የሌላውን ሰው ሥራ አስቀምጦ የእኔን አስቀደመ። ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

አዲስ አበባ ገብቼ የገዛኸኝን በር አንኳኳሁ። ወፍሯል፤ አግብቷል፤ ጺም አውጥቷል። አቅፎ ሳመኝ። «በል ተነሣ፣ ሰዓቱ ሳያልፍ» ስለው ሳቀ። አይተነዋል እኮ አለኝ፤ ከባለቤቱ ወንድሞች ጋር፣ በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት። ደብዳቤዬም ደርሶታል፤ ልጽፍልህ ስል ነው የመጣኸው አለ። ከዚያ በደስታ፣ ምንም ክፋት ሳይኖርበት፣ ፊልሙን ከነመጨረሻው ነገረኝ። «ደግሞ ሰውየው ተቀይሯል፣ አልሰማህም?» ብሎ ጨመረልኝ። ጥሩ ምሳ አበሉኝ። ሆዱን የሞላ ሰው እንደልቡ መቆጣት አይችልም።

ብቻዬን ሄድሁ። የሲኒማ ቤቱ ትኬት መስኮት ጋ ደርሼ ከልማድ «ሁለት» አልሁ። ልጅቷ ሁለት ቆርጣ ሰጠችኝ፤ አንድ ነው ለማለት አፈርሁ። አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ባርኔጣዬን አስቀመጥሁ።

አሁን ስለ ፊልሙ ልንገራችሁ፤ የዕድሜ ልክ ተመልካች ነኝና መብቴ ነው። አዲሱ ሰው መልከ መልካም ነው። ችግሩም እሱ ነው። የድሮው ፊቱ የተኮማተረ፣ ጆሮው የሰፋ፣ ጎረቤት ቢሆን ሰላም የማትሉት ሰው ነበር፤ ለዚህ ነው ሰላይ መሆኑን ያመንነው። አዲሱ ይስቃል። ጥርሱን ሊያሳየን የተቀጠረ ይመስላል። ሴት ባየ ቁጥር ይቀልዳል፤ ሰው ገድሎም ይቀልዳል። እሺ፣ ይህን ሁሉ ቻልሁ። ቀጥሎ ጠላቶቹ ከበቡት፣ እጁን ኪሱ ከተተ፣ ብርቱካኑን አወጣ፤ እናም በጥፍሩ ይልጠው ጀመር! ልጣጩ እንደ ቆሎ ፍርፍር እያለ ወረደ። አንዱን ቁራሽ ወደ አፉ ወርውሮ ጎረሰና ለካሜራው ጠቀሰ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ በክርኔ ወደ ጎን ጎሰምሁ። ባርኔጣዬ ወደቀች።

እውነቱን ካልሁ ፊልሙ መጥፎ አልነበረም። በተራራው ላይ የነበረው ሩጫ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ወጥቼ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን አንዱ እንዲህ ነው ሲል ሌላው የለም እንዲያ ነው የሚልበት ፊልም ነው፤ እኔ ደግሞ አንዱ ብቻ ነኝ።

በማግሥቱ ወደ ሮቢት ተሳፈርሁ። የዘወትር ልብሴና ምላጬ ያሉባት ሻንጣዬ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ነበረች። ደብረ ሲና ስንደርስ ረዳቱ የአንድ ጤፍ ነጋዴ ዕቃ ሲያወርድ የእኔንም አብሮ አውርዶለታል። ይህን ያወቅሁት ሮቢት ከወረድሁ በኋላ ነው። ስለዚህ እንዲህ ሁኜ አስቡኝ፤ ጥቁር ሱፍ ለብሼ፣ ጺሜ ሳይላጭ፣ ባዶ እጄን፣ ከጣርማ በር ጀምሮ መስኮት ዳር የበላሁት አቧራ ዓይኔን ደም አስመስሎት። እትዬ አስካለ ከደጃፋቸው ሆነው አይተውኝ ወፍጮ ቤት ሊወስዱት የያዙትን ስልቻ ጣሉት።

«ምነው ልጄ? ምን አገኘህ?» አሉ።

ደክሞኝ ነበር። የሆዴን አወጣሁት። «ሰውየው የለም እትዬ፤ አልቋል። ሌላ ሰው ተክተውበታል» አልሁ። ገብቼ በቁሜ አልጋው ላይ ወደቅሁ።

ጠዋት የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በሩን ብከፍት ግቢው ሞልቷል። ከግራሩ ሥር ሰሌን ተነጥፏል፤ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አንድ ሰው ንፍሮ ያዞራል። እድርተኛ አይደለሁምና እድሩ ዕቃ እንዳይሰጥ ሕግ ከልክሎት፣ ሰሌኑን ጋሽ ሁሴን ከራሳቸው መጋዘን አስመጥተው ነበር። ብቅ ስል ሁሉም ተነሡ። ጋሽ ሁሴን መጥተው እጄን ያዙና «ሶብር አድርግ። አላህ ያጽናህ» አሉ።

እዚህ ላይ ነው «ኧረ እኔ ማንም አልሞተብኝም» ማለት የነበረብኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን እጄን እንደያዙ ቀሩ፤ መዳፋቸው ማሽላ ሲሰፍር የኖረ፣ ሻካራ፣ ሞቃት መዳፍ ነው። በዚያ አገር እጄን ለሰላምታ ጨብጦ ሳይለቅ የቆየ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። ትንሽ ይቆዩ ብዬ ዝም አልሁ። ትንሿም ቀኑን ሙሉ ሆነች።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ሟች ይወራል። ምን ዓይነት ሰው ነበር አሉኝ። መዋሸት አልችልበትም፤ ስለዚህ ያለውን ነገርኋቸው። ዝምተኛ ነበር አልሁ። ልጣጭ ሳይበጥስ ብርቱካን የሚልጥ ሰው ነበር አልሁ፤ ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። በበር አይገባም፣ በመስኮት ነው አልሁ። አንዲት ሴት ለሌላይቱ በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት፤ እስከ ቀትር ሟቹ ሌባ እንደነበረ ሮቢት በሙሉ አወቀ። ጋሽ ሁሴን ግን «ሌባም ቢሆን እናት ወልዳዋለች» ብለው አፋቸውን አስያዙልኝ። ትዳርስ ነበረው ወይ ሲሉኝ በየአገሩ አንዳንድ አልሁ። ከዚህ በኋላ ከሴቶቹ ወገን ሐዘኑ ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ።

መልሶ ያሞቀው የተተኪው ነገር ነው። ገና ወሬው ሳይሰማ፣ በእሱ ቦታ፣ በእሱ ልብስ ሌላ ሰው አቆሙበት አልኋቸው። ደግሞ ይስቃል፤ ሕዝቡም አብሮት ይስቃል አልሁ፤ ይህን ስናገር የእውነቴን ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ያዙ። አርባው እንኳ ሳይወጣ ሌላ ባል ያስገባችውን፣ የትኛዋ እንደሆነች ያልታወቀች ሚስት ይረግሟት ጀመር። እኔ እስከ ዛሬ ስለዚያ ፊልም ያለኝን አስተያየት እንደዚያ ቀን በሙሉ ልብ የተቀበለኝ ተመልካች አላገኘሁም።

ከሰዓት በኋላ አስለቃሿ እማማ ጥሩነሽ መጡ። ጠጋ ብለው ስለ ሟቹ ከእኔ ጥቂት ሰሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ቆዩና ድምፃቸውን አነሡ፤

በመስኮት ሲገባ በጣራ ሲወጣ፣
ምነው ሞት ሲመጣ መሸሻውን አጣ።

የብርቱካን ልጣጭ ሳይበጠስ ልጦ፣
ምነው የሱ ዕድሜ ቀረሳ ተቆርጦ።

ግቢው በልቅሶ ተናጠ። ባለብርቱካኑ እንዲህ ያለ ግጥም በአገሩ አያገኝም። እኔ ግን አላለቀስሁም፤ እያፈርሁ አቀርቅሬ ተቀመጥሁ። ጥቁሩን ሱፍ እንዳልቀይር ሌላ ልብስ የለኝም፤ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ያየኝ ሁሉ «አይ ሐዘን! እንዴት አቀለጠው» ይላል።

በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሁሴን ከጎኔ ተቀምጠው ሳለ፣ ከእሱ ጋር ምን ታደርጉ ነበር አሉኝ። መቼም ከሰላይ ጋር ምን ይደረጋል? ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር አልሁ። ያልሁትን ራሴ ሰማሁት። ከዚያ አፌ አልቆመም። ሲስቅ ትከሻዬን ይዞ ነው፤ አዲስ አበባ ያሉት እናቱ እንጎቻውን እኩል ነው የሚቆርሱልን፤ ዝናብ ሲመታን ባንድ ኮት ነው የምንሮጠው፤ ያለ አንተ ፊልም አላይም ብሎ ምሎልኝ ነበር አልሁ። ስሙን ጠየቁኝ። ገዛኸኝ አልሁ።

ወጣ። እማማ ጥሩነሽ ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙና አልማሩትም፤ እስኪመሽ በስሙ ገጠሙ። እኔም እንዲህ አድርጌ በጤናው ያለ ጓደኛዬን፣ ምሳ ያበላኝን ሰው፣ ምንም ሳያውቅ ገደልሁት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ሴቶቹ ገና ሳይመጡ፣ እትዬ አስካለ ሰሌኑን እያራገፉ ሳለ ጋሽ ሁሴን ገቡ። ሁለቱ መክረው ኖሯል። የጋሽ ሁሴን ማሽላ የጫነ መኪና በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ከሮቢት ጥቂት ሰዎች በጭነቱ ላይ ሆነው ሄደው የገዛኸኝን እናት ሊያስተዛዝኑ ነው። እማማ ጥሩነሽም ይሄዳሉ። «እናት እያለች አንተን ብቻ አስተዛዝነን እንቀራለን እንዴ?» አሉ እትዬ አስካለ።

እንጎቻውን የሚቆርሱልኝን እናቱን አሰብኋቸው። በራቸው ላይ ከቆላ የመጣ ለቅሶ ሲወርድ፣ የልጃቸው ስም ሲጠራ። ክው ብለው ይቀራሉ። እውነቱን እንዳወራሁ ደግሞ ሰሌኑ ይጠቀለላል፤ እነዚህ ሰዎች «አሾፈብን» ብለው ይወጣሉ፤ ሳይሞት የተለቀሰበት ግቢ ሟርት ነው ተብሎ በሬን የሚያልፍ አይኖርም፤ እኔም ወደ አካፋዬ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ አወቅሁና ነገርኋቸው።

«ገዛኸኝ አልሞተም» አልሁ።

ስለ ፊልሙም፣ ስለ ብርቱካኑም፣ ስለ ሱፉም አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ጋሽ ሁሴን ቆባቸውን አወለቁ። ስድብ ጠበቅሁ። እትዬ አስካለ ሰሌኑን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል።

«ሕያው ነው?» አሉ።

«ሕያው ነው።»

«ጤናውስ?»

«ደህና ነው። እንዲያውም ወፍሯል።»

«አንተ እዚህ እንዳለህ ያውቃል?»

«ያውቃል እትዬ።»

«ታዲያ ሊጠይቅህ የማይመጣው መንገዱ ተቆርጦ ነው?»

«መንገዱማ ክፍት ነው። አካፋውን የምቆጥረው እኔ አይደለሁም?» አልሁ፤ ልስቅ ሞከርሁ፤ አልሆነም።

እሳቸው አልሳቁም። ጋሽ ሁሴንን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «እኔ እኮ ሞቶብህ መስሎኝ ነው ያዘንሁልህ» አሉ፤ «የሞተ ሰው ሳይመጣ ቢቀር አይፈረድበትም።»

ሰሌኑን መልሰው ዘረጉት። ጋሽ ሁሴን ስለ መኪናው ለሰው ምን እንደሚሉ እሳቸው እንደሚያውቁበት ነገሩኝና፣ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ፤ እማማ ጥሩነሽም ገቡ። ጋሽ ሁሴንና እትዬ አስካለ ለማንም ምንም አልተነፈሱም። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ያልመጣልኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ጋሽ ሁሴን ከቀኜ፣ እትዬ አስካለ ከግራዬ ተቀምጠው፣ ፀሐይዋ ከግራሩ ላይ እስክትወጣ ድረስ አለቀስሁ።